«ከቁርባን የራቀ ሰው ሜዳሊያ ከክታብ አይለይም» መባሉ ልክ ነው?

ወለተ ኪዳን፦
እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በወጣቶች ስብሰባ ላይ አንድ መምህር «ከቁርባን የራቀ ሰው አንገት ላይ ያለ ሜዳሊያ ከክታብ አይለይም» ብሎ ተናገረ። እጄን ሳወጣ ሰዓት አልቋል ተባለና ተበተንን። እንግዲህ እዚህ ልጠይቅ። ደብረ ብርሃን ላይ እኛ ካቶሊኮች ምን ያህል ጥቂት እንደሆንን ታውቃላችሁ። በየቤታችን ኦርቶዶክስም ጴንጤም አለ። ተክሊል ሳይፈጽሙ ትዳር ይዘው ቁርባን የማይቀበሉ፣ ግን ማታ ማታ ከልጆቻቸው ጋር መቁጠሪያ የሚደግሙ ሰዎች አውቃለሁ። ቅዳሴ ለመድረስ ጉልበት የከዳቸው እናቶች አሉ። የእነሱ የተባረከ የእመቤታችን ሜዳሊያ ደብተራ ጽፎ በቆዳ ከሰፋው ክታብ እኩል ነው? የሚደግፈው ካለ ይመልስልኝ።

የጠባሴው፦
እኔ እደግፈዋለሁ፤ ስብሰባው ላይም ነበርኩ። ቆርጠሽ ነው ያመጣሽው። ከዚያ በፊት ያወራው ባጃጅ መስታወት ላይ መቁጠሪያ አንጠልጥለው ሰክረው ስለሚነዱ፣ ንስሐ የገቡበትን ጊዜ ስለማያስታውሱ ልጆች ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ቁጥር 2111ን አንብቢ። ጸሎትም ሆነ የተቀደሰ ምልክት የውስጥ ዝግጅት ሳይኖር በውጫዊ አድራጎቱ ብቻ ይሠራል ብሎ ማመን አጉል እምነት ነው ይላል። መምህሩ ከራሱ አልፈጠረም።

ወለተ ኪዳን፦
አነበብኩት። «የውስጥ ዝግጅት» ይላል እንጂ «የቆረበ» የት ይላል? መምህሩ ያለው ግን «ከቁርባን የራቀ» ነው። ሰካራሙን ሾፌር ሊገሥጽ ከፈለገ ሾፌሩን ይገሥጽ። ቁጥር 1670ንም አብረህ አንብበው፦ የተባረኩ ነገሮች እንደ ምሥጢራት ጸጋ አይሰጡም፣ በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ጸጋን ለመቀበል ያዘጋጃሉ ነው የሚለው። የሚያዘጋጁ ከሆነ ደግሞ ገና ያልደረሰው ሰው ነው ይበልጥ የሚያስፈልጉት። በየሳምንቱ ለሚቆርብ ብቻ ናቸው ካልን የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ገለበጥነው ማለት ነው።

ፍቅርተ ሸንኮራ፦
የካቶሊኮች ጉዳይ ነው ብዬ ላልፍ ነበር፣ ግን ይህ አነጋገር እኛንም ይነካል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ የምንጃር ልጅ። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል የሚመጣው ሕዝብ አብዛኛው የማይቆርብ ነው። «ቆርበሃል ወይ» ተብሎ የተመለሰ አላየሁም። ተጠምቆ፣ እምነት ተቀብቶ፣ መስቀል ተሳልሞ ነው ብዙው ወደ ንስሐ አባቱ የሚሄደው። ማተቤንም ያሰሩልኝ ገና ሕፃን ሆኜ ነው። መምህራችሁ የሚለው እውነት ከሆነ የአገሩ አንገት ሁሉ ክታብ ተሸክሟል ማለት ነው።

ናሁ ብርሃን፦
ተሸክሟል እንጂ! እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፣ በግልጽ ልናገር። ሙሴ የሠራውን የነሐስ እባብ ሕዝቅያስ ለምን ሰባበረው? 2ኛ ነገሥት 18፡4ን ተመልከቱ። እግዚአብሔር ራሱ አሠርቶት እንኳ ሰው ሲያጥንለት ተሰበረ። ብረትም ክርም ውሃም አያድንም። የሚያድነው ኢየሱስ ነው።

ዘአንኮበር፦
ናሁ፣ የተሰበረው ስላጠኑለት ነው። በምድረ በዳ ግን አይተውት ድነዋል፣ ጌታም በዮሐንስ 3 ራሱን መሰለበት። ከጳውሎስ ገላ የተወሰደው ጨርቅ ድውያንን ሲፈውስ (ሐዋ. 19፡12) ጨርቁን የሰበከ አልነበረም። ብረት ያድናል ያለ ካቶሊክ እዚህ አልጻፈም።

አሁን ወደ ክታቡ ልመለስ። የምንከራከረው ዘርዐ ያዕቆብ በመሠረታት ከተማ ነው። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠው ይህ ንጉሥ ጥንቆላን አሳድዶ ነው የሚታወቀው። ዜና መዋዕሉ እንደሚነግረን ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በክንዶቹ ሰይጣንን የሚክድ ቃል እንዲይዝ አዘዘ። ክታብን የጠላ ሰው ምልክትን አላጠፋም። የለየው በማን ስም እንደተያዘ ነው። ቆርበሃል ወይ አላለም።

የጠባሴው፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን ልጆቹን ሳይቀር በጣዖት ተከሰዋል ብሎ ያስገረፈን ንጉሥ የእምነት ምሳሌ አድርገው ያምጡልን? እነዚያ ልጆች በግርፋቱ እንደሞቱም ይኸው ዜና መዋዕል ይናገራል። ምልክት በአዋጅ ሲታሰር ምን እንደሚያመጣ ያሳየን እሱ ነው።

ዘአንኮበር፦
ጭካኔውን አላመሰገንኩም። በክታብና በምልክት መካከል ያደረገውን ልዩነት ነው ያነሳሁት። ወደ ግርፋቱ የወሰድከው ለዚህ መልስ ስላጣህ ነው።

ተማሪ ዘግዕዝ፦
ሁላችሁም ሕጉን ረሳችሁት። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ቀኖና 1166 እንደ ሜዳሊያ ያሉ የተባረኩ ነገሮችን ሲተረጉም በቤተ ክርስቲያን ልመና መንፈሳዊ ፍሬ የሚገኝባቸው ቅዱሳት ምልክቶች ናቸው ይላል። «በቤተ ክርስቲያን ልመና»! የተሸካሚው ብቃት አይደለም መነሻው። ክታብ ኃይሉን የሚያገኘው ከጻፈው ሰው ጥበብና ከምስጢራዊ ስሞች ነው ተብሎ ይታመናል። ሜዳሊያ ግን ቤተ ክርስቲያን ለምና የባረከችው ነው፤ በራሱ ኃይል የለውም።

የጠባሴው፦
1166 በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲኖቹ ሕግ ነው። እኛ በምሥራቃዊው ግዕዝ ሥርዓት የምንቀድስ ካቶሊኮች ነን። የምሥራቃውያን ቀኖና የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው።

ተማሪ ዘግዕዝ፦
አውቃለሁ። የምሥራቁ ቀኖና 867ም ያንኑ «በቤተ ክርስቲያን ልመና» የሚለውን ይዟል። ስለዚህ በየትኛውም ብትሄድ መምህሩ ከሕጉ ውጭ ነው የተናገረው።

የጠባሴው፦
ከሕጉ ውጭ አልተናገረም። ቤተ ክርስቲያን የምትለምነው ሰውየው ወደ ምሥጢራት እንዲመጣ ነው። ዓመት ከዓመት ሜዳሊያውን እየሳመ የማይመጣ ሰው ልመናዋን እየገፋ ነው። ሜዳሊያው የቁርባን ምትክ ሆነበት። እኔ ይህን በቤተሰቤ አይቻለሁ። አጎቴ ስካፑላር (በእመቤታችን ስም አንገት ላይ የሚደረግ የተባረከ ጨርቅ) ከአንገቱ ሳይወልቅ ካህን ሳይጠራ ሞተ፤ «እሷ አትጥለኝም» እያለ። ያንን ሞት አይቼ ነው የምናገረው፣ ልጆቻችን ይህን እንዳይደግሙ።

ወለተ ኪዳን፦
ነፍስ ይማር ወንድሜ፣ ከልቤ ነው። ግን «እሷ አትጥለኝም» ያለ ሰው የተማመነው በጨርቅ አይደለም፣ በእመቤታችን ነው። ደብተራው ጋ ሄዶ ክታብ ያጻፈ ሰው እንዲህ አይልም። ካህን አለመጠራቱ ያሳዝናል፤ ክታብ ለብሶ ሞተ ግን አትበለው።

ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴትም አስባት። በሕጉ ርኩስ ናት፣ መቅደስ አትገባም። የነካችው የልብሱን ጫፍ ነው። ጌታ «እምነትሽ አዳነሽ» አላት እንጂ «መጀመሪያ መቅደስ ግቢ» አላላትም።

የጠባሴው፦
ከነካች በኋላ ግን ወጥታ በፊቱ ወድቃ እውነቱን ሁሉ ነገረችው። ማርቆስ 5፡33። ኑዛዜው እዚያ ነው ያለው። ጫፉን ነክታ ዝም ብላ አልሄደችም።

ወለተ ኪዳን፦
ነክታ ነዋ የነገረችው! ሳትነካ በፊት ክታብ ነው ብትባል ኖሮ ትነካ ነበር?

ናሁ ብርሃን፦
እሷ የነካችው ኢየሱስን ነው፣ ፓሪስ የተሠራ ሜዳሊያ አይደለም።

ተማሪ ዘግዕዝ፦
ፓሪስን ካነሳህ፣ ያ ተአምራዊ የሚባለው የእመቤታችን ሜዳሊያ በ1832 እ.ኤ.አ. መታተም የጀመረው ለአንዲት የቅዱስ ቪንሰንት ማኅበር እህት በ1830 ከተገለጠው በኋላ ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. አድዋ የገቡት ሚሲዮናዊው ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ፣ የእኛ አቡነ ያዕቆብ፣ የዚያው የቪንሰንት ቤተሰብ ልጅ ናቸው። እሳቸው በግዕዝ ሥርዓት የቀደሱ፣ የአገሩን ጾም የጾሙ ሰው ናቸው። የባዕድ ጌጥ ሊያንጠለጥሉብን አልመጡም።

ፍቅርተ ሸንኮራ፦
ስለ ፓሪስ እናንተ ተነጋገሩ። እኔ የምጠይቀው አለኝ። ጎረቤቴ ካቶሊክ ናት፣ ቤቷን አባ መጥተው ሲባርኩ አይቻለሁ። የእኔን ቤት ባርኩልኝ ብላቸው ይባርካሉ ወይስ አንቺ ከእኛ ጋር አትቆርቢም ይሉኛል?

ተማሪ ዘግዕዝ፦
የላቲኑ ቀኖና 1170 ቡራኬ በመጀመሪያ ለካቶሊኮች ቢሆንም፣ ክልከላ ካልኖረ ካቶሊክ ላልሆኑም ይሰጣል ይላል።

የጠባሴው፦
አሁንም ላቲን! እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የእሷን ንስሐ አባት ሳያማክሩ አባ ቤቷን ቢባርኩ ነገ ከተማው ውስጥ «መንጋ ሊነጥቁ ነው» ይባላል።

ፍቅርተ ሸንኮራ፦
ንስሐ አባቴን እኔ እጠይቃለሁ፣ አንተ አትጨነቅ።

ወለተ ኪዳን፦
ይኸው የጠባሴው፣ ከእኛ ጋር የማትቆርብ ሴት ቡራኬ ጠየቀች። ሕጉ ለእሷ ሲፈቅድ፣ የእኛው የተጠመቀ ልጅ አንገት ላይ ያለውን ክታብ የምትልበት ምክንያት አልገባኝም። መምህሩን እሑድ በሰው ፊት እጠይቀዋለሁ።

የጠባሴው፦
ጠይቂው። እኔም ከጎኑ እቀመጣለሁ።