ለ1965 ጊታሬ የሚሆን የፍሬት ሽቦ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራ ፌንደር ሙስታንግ ጊታር አለኝ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ፍሬቶች (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት የብረት ሽቦዎች) በቀጫጭኖቹ ክሮች ስር ተበልተው ጎድጉደዋል፤ ጥፍሬን ሳስኬድባቸው ጉድጓዱ ይይዘኛል፣ ሁለተኛው ላይ ስጫን ደግሞ ክሩ ዝዝ ይላል። ሞርዶ ማስተካከል አይታሰብም፣ የቀረው ቁመት ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው።

ብዙም ያልተነካውን የመጨረሻውን ፍሬት በካሊፐር ስለካው ስፋቱ 2፣ ቁመቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ወጣ። ጃምቦ የሚሉት ትልቁ የፍሬት ሽቦ 2.8 በ1.4 ስለሆነ ለእኔ ወፍራም ነው፤ እጄ የለመደውን ማጣት አልፈልግም። የጣት ሰሌዳው (ፍሬቶቹ የተተከሉበት እንጨት) የጉብታው ራዲየስ 7.25 ኢንች ነው፣ ሽቦው ከዚያ ጠበቅ ብሎ መቆልመም እንዳለበትም አውቃለሁ።

ያስቸገረኝ የሽቦው እግር ነው፣ ሰሌዳው ላይ ወዳለው ስንጥቅ የሚገባው ክፍል። ከዚህ በፊት አንድ ጠጋኝ ሁለት ፍሬቶች ቀይሮልኝ ነበር፤ እግራቸው ቀጭን ኖሮ ይኸው ጫፋቸው ተነስቶ እጄን ይቧጥጠኛል። ስንጥቁ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው። የእግሩ ውፍረት ስንት ቢሆን ሰሌዳውን ሳይሰነጥቅ ይይዛል? ደግሞስ ኒኬል ሲልቨር (ስሙ ነው እንጂ ብር የለበትም፣ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው) ይሻለኛል ወይስ የማይዝገው ብረት? በእጁ የሞከረ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።