«ጉግል አሸነፈ» ያለው ማነው?

ዳዊት ዘ4 ኪሎ፦
ከማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 2፣ 2025፣ ጀምሮ የቴክኖሎጂ ዜና እናቀርባለን የሚሉ ቻናሎች አንዱን ርዕስ እየተቀባበሉት ነው፦ «ጉግል አሜሪካ ላይ ክሱን አሸነፈ»። ምኑን ነው ያሸነፈው? ዳኛ አሚት ሜህታ አምና፣ ኦገስት 5፣ 2024፣ ጉግል በሰርች (በኢንተርኔት ፍለጋ) ሞኖፖሊ ነው፣ ሞኖፖሊነቱንም ሕግ ጥሶ ጠብቋል ብለው ወስነዋል። የዘንድሮው የሴፕቴምበር 2 ውሳኔ ያንን አልነካም። «ጥፋቱ በምን ይታረም» ለሚለው ነው መልስ የሰጠው። ርዕስ አንብቦ ዜና የሚጽፍ ሰው በዛ።

የሒሳብ ሰው፦
አንተም ውሳኔውን አነበብክ፣ ገበያውም አነበበ። ረቡዕ የጉግል እናት ኩባንያ የአልፋቤት አክሲዮን 9 በመቶ ገደማ ዘለለ። አፕል ተከሳሽ እንኳ ሳይሆን ወደ 4 በመቶ ተጨመረለት። ከተፈረደበት ሰው ቤት እልልታ ሲወጣ ሰምተህ ታውቃለህ?

ዳዊት ዘ4 ኪሎ፦
የአክሲዮን ደላላ መቼ ነው ዳኛ የሆነው? ሜይ 7 የአፕሉ ኤዲ ኪው እዚያው ችሎት ቀርቦ በሳፋሪ፣ በአፕል ብራውዘር (ድረ ገጽ መክፈቻ)፣ የሚደረገው ሰርች ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ ሲል አልፋቤት በአንድ ቀን ከ7 በመቶ በላይ ወርዷል። ያን ቀን ተሸነፈ ልትለን ነው?

የሒሳብ ሰው፦
ያን ቀን ደነገጠ። ረቡዕ ግን አሸነፈ።

ጋሽ ጠበቃው፦
ልጆች፣ «አሸነፈ» የምትሏትን ቃል ለጊዜው አስቀምጧትና ከሳሽ የጠየቀውን ካገኘው ጋር አስተያዩ። ከሳሹ የአሜሪካ መንግሥት የጉግል ብራውዘር ክሮም ይሸጥ አለ፤ አይሸጥም ተባለ። ጉግል ሰርች ስልክና ብራውዘር ላይ ቀድሞ ተመርጦ እንዲቀመጥ፣ ለ«ዲፎልት»ነቱ ማለት ነው፣ የሚከፈለው ገንዘብ ይቁም አለ፤ አልቆመም። ስልክ ሲከፈት ሰርች አስመራጭ ገጽ ይምጣ አለ፤ አልተፈቀደለትም። ቁጥጥሩ 10 ዓመት ይሁን አለ፤ 6 ዓመት ሆነ። ያገኘው፦ ብቸኛ የሚያደርግ ውል ተከልክሏል፣ የክፍያ ውል ከአንድ ዓመት በላይ እንዲያስር አይፈቀድም፣ ፕሌይ ስቶርን «ሰርችንና ክሮምን ካልጫንክ አልሰጥህም» ማለት ቀርቷል፣ የጉግል AI ጄሚናይም በዚሁ ክልከላ ውስጥ ገብቷል፣ የተወሰነ ዳታ ለተፎካካሪ ይሰጣል። በችሎት ቋንቋ ይህ «በከፊል ተፈቅዷል» ነው የሚባለው።

ዳዊት ዘ4 ኪሎ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። «በከፊል»!

የሒሳብ ሰው፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የዘረዘሩት ሁሉ እኮ ለእኔ ይመሰክራል። ገንዘቡ ይቀጥላል ነው የተባለው። የጉዳዩ ሆድ ያለው እዚያ ነው። ጉግል በ2021 ብቻ ለዲፎልት ቦታ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። በ2022 ለአፕል ብቻ 20 ቢሊዮን። የአፕል ድርሻ ደግሞ በሳፋሪ በኩል ከሚገኘው የሰርች ማስታወቂያ ገቢ 36 በመቶ እንደሆነ ችሎት ላይ ከምስክር አፍ አምልጦ ወጥቷል። 20ን ለ0.36 አካፍሉት፤ 55 ቢሊዮን ተኩል ገደማ። አፕል ድርሻውን ወስዶ እንኳ ለጉግል ከ35 ቢሊዮን በላይ ይተርፋል፣ ያውም በአንዲት የሳፋሪ መጻፊያ ሳጥን። ይህች ሳጥን ሳትነካ ከቀረች አሸነፈ ነው።

ሰኒ ኮድ፦
እንዲያውም ገልብጠህ አስላው። ክፍያው ቢከለከል ማን ነበር የሚጠቀመው? አፕል 20 ቢሊዮኑን ያጣል፤ ሰው ግን ከልማዱ ጉግልን መክፈቱን አይተውም። የሞዚላ ብራውዘር ፋየርፎክስ በ2014 ዲፎልቱን ወደ ያሁ ቀይሮ ተጠቃሚው ራሱ እየቀየረ ስላስቸገረው በ2017 ወደ ጉግል ተመልሷል። ስለዚህ ክልከላው ጉግልን ከወጪ ያሳርፈው ነበር። ሞዚላ ደግሞ የገቢው አብዛኛው ከጉግል ስለሆነ ቢሮውን መዝጋት ነው። ዳኛውም ያዩት ይህንን ነው።

ዳዊት ዘ4 ኪሎ፦
ቆይ ሰኒ፣ ሰው ከልማዱ ጉግልን ካልተወ ጉግል ራሱ ለምን ከፈለ? ለጽድቅ? የራሳቸው የ2020 ግምት እኮ መዝገቡ ላይ አለ፤ በአፕል መሣሪያ ላይ ዲፎልትነቱን ሌላ ቢወስደው ከአይፎን ከሚመጣው የሰርች ጥያቄ ከ60 እስከ 80 በመቶው ይሄዳል፣ የተጣራው ኪሳራ ከ28 ቢሊዮን በላይ ነው ይላል።

ሰኒ ኮድ፦
«ሌላ ቢወስደው» እና «ክፍያው ቢቆም» አንድ አይደሉም። የ60 በመቶው ግምት አፕል ሌላ ሰርች ቢያስቀምጥ ነው። ክፍያው ለሁሉም ቢከለከል አፕል ሌላ የሚያስቀምጥበት ምክንያት የለውም፤ ማንም አይከፍለውማ።

የሒሳብ ሰው፦
👏 ሰኒ ሳታውቂው ወደ እኔ ወገን መጣሽ።

ሰኒ ኮድ፦
የማንም ወገን አይደለሁም። ዳታው ላይ ጉግል ተሸንፏል ባይ ነኝ። በአምናው ውሳኔ ጉግል በቀን የሚቀበለው ጥያቄ የተፎካካሪዎቹ ተደምሮ 9 እጥፍ ነው፤ ስልክ ላይ 19 እጥፍ። ልዩነቱ የሚጎላው ደግሞ አልፎ አልፎ በሚመጡ ጥያቄዎች ነው። «የአየር ሁኔታ»ን ማንም ይመልሳል። «የንግድ ፈቃድ እድሳት ቅጣት ስንት ነው» ብሎ በአማርኛ የሚጽፈውን ግን ትንሹ ሰርች በወር አንዴ ቢያየው ነው። ጠያቂው የትኛውን ገጽ እንደነካና የትኛውን ከፍቶ ወዲያው እንደተመለሰ የሚያሳየው መዝገብ አሁን ለተፎካካሪ ይሰጣል ተብሏል። የማስታወቂያ ዳታ ግን አይጨመርም።

ዳዊት ዘ4 ኪሎ፦
አማርኛን እዚህ ምን አመጣው? ፀሐይን በጸም በፀም፣ በሐም በሃም የጻፈውን አንድ ማድረግ ከሆነ የአስር መስመር ኮድ ነው። ሀ ሐ ኀ ወደ አንዱ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። አበቃ። ለዚህ የጉግል ዳታ አያስፈልግም።

ሰኒ ኮድ፦
ፊደሉ አዎ ቀላል ነው። «ለማሳደስ»፣ «እንዲታደስልኝ»፣ «ያልታደሰ» አንድ ጉዳይ መሆናቸውን ግን በፊደል ሠንጠረዥ አታገኘውም። ሦስቱንም የጻፉ ሰዎች አንድ ገጽ ላይ ሲጫኑ ነው የሚታወቀው። እዚያ ላይ ነው 19 እጥፉ የሚያስፈልግህ።

ዳዊት ዘ4 ኪሎ፦
የሥርወ ቃል መተንተኛ ሠርተህ ትለያለህ እንጂ ለዚህ ክስ አትጠብቅም።

ሰኒ ኮድ፦
ሠርተህ አሳየና። እጠብቃለሁ። ደግሞ ሴት ነኝ፣ «ትለያለህ» አትበለኝ።

አሌክሳንድሪያ ማዶ፦
ሰርቹን ትታችሁ ወደ ሥር ቃል ገባችሁ እንዴ? ሌላኛው ክስ እዚህ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው ያለው። ዳኛ ሊዮኒ ብሪንኬማ ኤፕሪል 17 ላይ ጉግል በማስታወቂያ ቴክኖሎጂው ሕግ ጥሷል ብለዋል፤ የመፍትሔው ሙግት ሴፕቴምበር 22 ይጀመራል። ትናንት ደግሞ የአውሮፓ ኮሚሽን በዚሁ በማስታወቂያው 2.95 ቢሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። «አሸነፈ» ያለው ሰው በሳምንቱ ውስጥ ስንት ጊዜ ሊያርመው ነው?

የሒሳብ ሰው፦
ባለፈው ዓመት የአልፋቤት የተጣራ ትርፍ 100 ቢሊዮን ዶላር ነበር። 2.95ቷን በዚያ ላይ አስቀምጣት። የአስራ አንድ ቀን ገደማ ትርፍ ብትሆን ነው፣ ሁለት ሳምንት አትሞላም።

ጋሽ ጠበቃው፦
ዩሮ ነው ልጄ፣ ዶላር አይደለም።

የሒሳብ ሰው፦
ወደ ዶላር መንዝረው እንኳ 13 ቀን ቢሆን ነው ጋሼ።

ዳዊት ዘ4 ኪሎ፦
ቅጣት በቀን ደመወዝ መለካት ተጀመረ። ሰውዬው ስንት አክሲዮን እንዳለው ይናገርና እንረፍ።

የሒሳብ ሰው፦
አንተስ ክሮም ተሽጦ የAI ሰርች ኩባንያው ፐርፕሌክሲቲ እንዲገዛው ነበር የፈለግከው? 34.5 ቢሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ያለው፣ የራሱ የኩባንያው ዋጋ የዚያን ግማሽ ገደማ የነበረው? ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ።

ዳዊት ዘ4 ኪሎ፦
እኔ ስለ ፐርፕሌክሲቲ ትንፍሽ ብያለሁ? ወደ ቃሉ ተመለስ፦ «አሸነፈ»።

አሌክሳንድሪያ ማዶ፦
አንዱ ቻናል ርዕሱን ቀይሮታል፣ አሁን «ጉግል ክሮምን አተረፈ» ይላል። ይህስ ይስማማል?

ዳዊት ዘ4 ኪሎ፦
አዎ! «አተረፈ» ይሁን። እኔ ከመጀመሪያው ያልኩት ይህንኑ ነው።

የሒሳብ ሰው፦
አላልክም። ከላይ ያለውን አንብብ።

ጋሽ ጠበቃው፦
«አተረፈ»ም ይቅር ባይ ነኝ። ማይክሮሶፍትን ዳኛ ጃክሰን በ2000 ለሁለት ይከፈል አሉ፤ በ2001 የይግባኝ ችሎቱ ያንን ሻረው፣ ሞኖፖሊነቱን ግን አጸናው። የጉግልም ይግባኝ የሚሄደው ወደዚያው ችሎት ነው። ጉግል የአምናውን ውሳኔ ይዞ እዚያ እወጣለሁ ብሏል፤ መንግሥትም ክሮምን ይዞ ከመውጣት የሚያግደው የለም።

የሒሳብ ሰው፦
እስከዚያ ክፍያው ይቀጥላል አይደል ጋሼ? ከዚህ በላይ ምን ማሸነፍ አለ?

ዳዊት ዘ4 ኪሎ፦
ኧረ በቃ፣ ይህ ሰው...