የፕሮስቴት ዕጢ መተለቅ ያለ ቀዶ ሕክምና በመድኃኒት ሊታከም ይችላል?

ጠያቂ፣ ከፒያሳ
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 70 ዓመት አልፏቸዋል። ሽንታቸው ለመውጣት ይዘገያል፣ ይቆራረጣል፣ ሌሊትም ደጋግሞ ያስነሣቸዋል፤ እሑድ ጊዮርጊስ ሲያስቀድሱ እንኳ እንደ ቀድሞው ወደ ውስጥ መዝለቅ ትተው መውጫው አጠገብ ይቆማሉ። በአልትራሳውንድ የፕሮስቴት ዕጢያቸው መተለቁ ታይቶ ታምሱሎሲንና ፊናስተራይድ ታዘዘላቸው። ቀዶ ሕክምናን አጥብቀው ይፈራሉ፤ ሆኖም «ይህኛው ምንም አልሠራልኝም» ብለው ፊናስተራይዱን ሊያቆሙ ነው። በእርግጥ ሁለቱም ያስፈልጓቸዋል? ሌላስ አማራጭ አለ?

ፋርማሲስት፣ ከአራት ኪሎ
እባክዎ እንዳያቆሙ ያስረዷቸው። ታምሱሎሲን የዕጢውንና የሽንት ፊኛውን አንገት ጡንቻዎች ስለሚያላላ ለውጡ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይታወቃል፤ ዕጢውን ግን አያሳንሰውም። የሚያሳንሰው ፊናስተራይድ ነው፤ ዕጢው የሚቀንሰው በዝግታ ስለሆነም ውጤቱን ለማየት 6 ወርና ከዚያ በላይ ይወስዳል። የሚፈሩት ቀዶ ሕክምና ወደፊት የማስፈለጉን ዕድል የሚቀንሰውም ይኸው ሊያቆሙት ያሰቡት መድኃኒት ነው። ምናልባት ያልነገሩዎት ሌላ ምክንያት ይኖራቸው ይሆናል፤ መድኃኒቱ በአንዳንድ ወንዶች ላይ የግብረ ሥጋ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ አባት ደግሞ ይህን ለልጁ አይናገርም። ከሐኪማቸው ጋር ብቻቸውን የሚነጋገሩበትን ጊዜ ያመቻቹላቸው። ፊናስተራይድ ለፕሮስቴት ካንሰር ፍተሻ የሚደረገውን የፒኤስኤ የደም ምርመራ ውጤት በግማሽ ያህል ዝቅ ስለሚያደርግም፣ ምርመራውን የሚያዝ ሐኪም ሁሉ መውሰዳቸውን ማወቅ አለበት።

ይኸው ሕመም ያለብኝ፣ ከካዛንቺስ
እኔን ከታምሱሎሲን በተጨማሪ የጠቀመኝ የማታውን ፈሳሽ መቀነስ ነው፤ ከቡናውም አቦሉን ብቻ ጠጥቼ እነሣለሁ። የጉንፋን መድኃኒት ሲገዙላቸው ግን ይጠንቀቁ፤ አፍንጫ ከሚከፍቱትና እንቅልፍ ከሚያመጡት መካከል ሽንት የሚዘጉ አሉ።

ሐኪም፣ ከቸርችል ጎዳና
የዕጢው መተለቅ ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ ግን ምርመራው አይቅር። በቀጭን ቱቦ ገብቶ ለዕጢው ደም የሚያደርሱትን የደም ሥሮች የመድፈን ሕክምናም በውጭ አገር ይሠራል። ሽንት ደጋግሞ ከተዘጋ፣ ኩላሊት ከተጎዳ፣ በፊኛው ውስጥ ጠጠር ከተፈጠረ ወይም ደም መላልሶ ከታየ ግን በመድኃኒት ብቻ መቀጠል አይገባም። ጨርሶ ከተዘጋባቸው እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው፤ ሽንቱ በካቴተር፣ ማለትም ወደ ፊኛው በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ይወጣላቸዋል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮም አላቸው፤ ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር ይኖር ይሆን?

ፋርማሲስት፣ ከአራት ኪሎ
አዎ፣ ይገናኛል። ታምሱሎሲን በዓይን ቀዶ ሕክምናው ወቅት ብሌኑ እንደሚፈለገው እንዳይሰፋ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ለዓይን ሐኪማቸው ከቀጠሮው በፊት ይንገሩ። መድኃኒቱን ግን በራሳቸው ውሳኔ አያቁሙ።