18 ዓመት ሲሞላው አበቃ ማለት ነው?

የማታ ፈረቃ፦
ሰላም እህት ወንድሞቼ። ከልጄ አባት ጋር የተፋታነው በ2013 ነው፣ በፈረንጁ። ያኔ ሁላችንም ዲሲ ስለነበርን የፈረደልንም የዲሲ ፍርድ ቤት ነው። አሁን እኔና ልጁ ሜሪላንድ ነን፤ እሱ ቨርጂንያ። እውነቱን ለመናገር ቻይልድ ሰፖርቱ (የልጅ ማሳደጊያው ገንዘብ) ተቋርጦ አያውቅም፤ ከደሞዙ እየተቆረጠ ይመጣል። ልጁ በሚቀጥለው ወር 18 ይሞላዋል፤ ኦገስት ላይ ኮሌጅ ይገባል። እሁድ ዕለት አባቱ ደውሎ «የኔ ድርሻ እዚህ ላይ አበቃ፣ ኮሌጁን ተበድሮ ይማር» አይለኝም! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። (ጥሩ አላደረግኩም፣ ልጁ አጠገቤ ነበር።) ሕጉ ምን ይላል? ለብቻዬ አልችለውም።

ጋሼ ውዝፍ፦
እህቴ፣ ሰውዬው የሜሪላንድንና የቨርጂንያን ሕግ ሰምቶ ነው። እዚያ በ18 ያበቃል፤ ሃይስኩል ላይ ካለ ደግሞ እስኪጨርስ፣ ቢበዛ እስከ 19። ያንቺ ትዕዛዝ ግን የዲሲ ነው። ዲሲ ልጁ ራሱን ካልቻለና ካላገባ እስከ 21 ነው። «አሁን ሜሪላንድ ነኝ እኮ» እንዳትዪ። እስከ ስንት ዓመቱ ይከፈል የሚለውን የሚወስነው መጀመሪያ ትዕዛዙን የሰጠው ቦታ ሕግ ነው፤ ቤት መቀየር አያሳጥረውም። ገቢ ከተለወጠ የገንዘቡን መጠን ማሻሻል ይቻላል፣ እሱ ሌላ ነው።

እኔም አባት ነኝ። ትልቋ ልጄ 18 ሲሞላት «አንዷ ወጣች» ብዬ ክፍያውን በገዛ እጄ በግማሽ ቀነስኩ። ትዕዛዙ ላይ የተጻፈው ግን ለሁለቱም አንድ ድምር ነበር። ዳኛ ሳይቀይረው የ14 ወር ውዝፍ ተቆለለብኝ። ውዝፍ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሰረዝም፤ ከ1986 ጀምሮ የፌደራል ሕጉ ከልክሏል። የሚቀነሰው ማመልከቻ ገብቶ ለሌላው ወገን ከደረሰ ወዲህ ያለው ብቻ ነው። ይህን ለሱም ንገሪው፣ ይጠቅመዋል።

የማታ ፈረቃ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! የኮሌጁስ ነገር?

የጀርሲዋ፦
እሱ ሌላ ጣጣ ነው የኔ እህት። እኔ ያለሁበት ኒው ጀርሲ ዳኛው የተፋቱ ወላጆችን «ለኮሌጅ ክፈሉ» ማለት ይችላል። ከ1982ቱ ፍርድ ወዲህ 12 ነገር ይመዘናል፦ የወላጆቹ አቅም፣ የልጁ ችሎታ፣ ልጁ ክፈል ከሚባለው ወላጅ ጋር ያለው ግንኙነት ሳይቀር። ሜሪላንድና ቨርጂንያ ግን ዳኛ ከመሬት ተነስቶ አያዝም። የተፈራረማችሁት ነገር ካለ ግን ያስከብራል። የፍቺ ስምምነቱን አውጪና «ኮሌጅ» የሚል ቃል ፈልጊ።

ፋፍሳንም (የመንግሥት የኮሌጅ እርዳታ መጠየቂያ ፎርሙን) እንዳትረሺ። ድሮ የሚሞላው ልጁ አብሮት የሚኖረው ወላጅ ነበር። ከ2024-25 ጀምሮ ግን ባለፉት 12 ወራት ለልጁ የበለጠ ገንዘብ ያወጣው ነው። ካንቺ በላይ ያወጣው እሱ ከሆነ የሚታየው የሱ ገቢ ነው። ከፈራ ደግሞ ንገሪው፦ ፋፍሳ ላይ ስሙ ገባ ማለት እከፍላለሁ ብሎ ፈረመ ማለት አይደለም።

የማታ ፈረቃ፦
ወረቀቱን አልጋ ስር ካለው ሻንጣ አወጣሁት። 9ኛው ገጽ ላይ «ወላጆቹ ለኮሌጅ እንደ አቅማቸው ይረዳሉ» ይላል። ይሄ ይይዘዋል?

ጋሼ ውዝፍ፦
«እንደ አቅማቸው»? ያቺ ቃል የጠበቃ እንጀራ ናት። ስንት ፐርሰንት፣ የትኛው ኮሌጅ፣ ለስንት ዓመት፣ ምንም አልተባለም። ሊያከራክር ይችላል፤ ጠበቃ ዘንድ ይዘሽው ሂጂ። ለጊዜው ግን የዲሲውን ትዕዛዝ ፎቶ አንስተሽ ላኪለትና ስለ 21 ዓመቱ ብቻ ጻፊ። ኮሌጁን ለሚቀጥለው ስልክ ተዪው። እንደ እሁዱ እንዳይሆን ብቻ!

የማታ ፈረቃ፦
ላክሁለት። አይቶታል፣ ሁለቱም ምልክት ሰማያዊ ሆኗል። እስካሁን ዝም ነው።