ድሬዳዋ፦ ቦይለሩ ይንጫጫል፣ ሻወሩ ተደፍኗል፤ የውሃ ማለስለሻ ልግዛ?

ጠያቂው ከሰብያን
ሰላም ለሁላችሁ። ውሃው የመስመር ነው። 50 ሊትሩ ቦይለር ሲሞቅ ይንጫጫል፤ ለመሞቅም ከድሮው በጣም ይዘገያል። ማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት ይዟል፣ የሻወሩ ቀዳዳ ግማሹ ተደፍኗል፣ ሳሙና አረፋ አያወጣም። በሻማ ማጣሪያ ያለፈው ውሃም ያው ነው። ቦይለሩ ሳይቀየር ይጸዳል? ማለስለሻ ማሽንስ ያዋጣል? ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ 1,000 ሊትር ሮቶ 3 ሜትር መቆሚያ ላይ አለ። ውሃው ለኩላሊት መጥፎ ነው የሚሉም አሉ።

ቧንቧ ሠራተኛ
ወንድም፣ ይጸዳል። የሚንጫጫው በሬዚስታንሱ (ውሃውን በሚያሞቀው ብረት) እና በቅርፊቱ መካከል የታፈነው ውሃ እየፈላ ነው። ሙቀቱ ወደ ውሃው ማለፍ ሲያቅተው ሬዚስታንሱ ራሱን ያቃጥላል፤ ስለዚህ አትቆይ።

ማብሪያውን ብቻ ሳይሆን ብሬከሩን አውርድ። ውሃው ይቀዝቅዝ። መግቢያውን ዝጋ፣ አየር እንዲገባ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈት፣ ከዚያ በሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ በሚያስተነፍሰው) በኩል አፍስስ። ገመዶቹን ከመንቀልህ በፊት በስልክ ፎቶ አንሳቸው። ክዳኑ ሲወርድ ታች የተከማቸውን ቅርፊት በእጅህ ዛቅ፤ ታንኩን በብረት እንዳትፍቀው፤ ልባጡ ከተጫረ ከዚያው ይዝጋል። ሬዚስታንሱን ባልዲ ውስጥ ንከረው፦ ለ1 ሊትር ውሃ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ፣ ከ2 እስከ 3 ሰዓት። ገመድ የሚታሰርበት ጫፍ እንዳይርስ። በመዶሻ የሚያራግፉ አሉ፤ ሽፋኑ ይሰነጠቅና ውሃ ገብቶ ብሬከር ይጥላል።

የማግኒዚየም ዘንጉ (ታንኩ እንዳይዝግ በምትኩ የሚበላው) ተበልቶ እንደ እርሳስ ከቀጠነ ቀይረው። የክዳኑን ላስቲክም አሮጌውን አትመልስ። ስትገጥም ውሃው በሙቅ ቧንቧ በኩል አየር ሳይተፋ እስኪወርድ ድረስ መብራት አታብራ። በፈረቃ ሰፈር ብዙ ሬዚስታንስ የሚቃጠለው ታንኩ ሳይሞላ በመብራቱ ነው። ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) 55 ዲግሪ ላይ አድርገው፤ ከ60 በላይ ቅርፊቱ በፍጥነት ይጋገራል።

ሻወሩን ፈትተህ አቼቶ ውስጥ አስቀምጠው፤ ኒኬል ቅብ ከሆነ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። የቧንቧ አፍ ላይ ያለችውን ወንፊትም አትርሳ፤ ብዙ ጊዜ «ግፊት የለም» የሚባለው እሷ ተደፍና ነው።

የውሃ ላቦራቶሪ
ከላይ በተባለው ላይ አንድ ልጨምር፦ የአሲዱ ውሃ ለብ ያለ ይሁን እንጂ የፈላ አይሁን። በጣም ሲሞቅ ካልሲየም ሲትሬት የሚባል ሌላ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ እሱ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም።

በድሬዳዋ አካባቢ የኖራ ድንጋይ አለ፤ ካልሲየሙና ባይካርቦኔቱ በዋናነት የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ድንጋይ ነው። የውሃ ጥንካሬ የሚባለው የሟሟው ካልሲየምና ማግኒዚየም መጠን ነው። በሊትር ከ180 ሚሊ ግራም በላይ (በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ) በጣም ጠንካራ ውሃ ይባላል። ሻማ ማጣሪያ ደለልና ተህዋስ ይይዛል እንጂ የሟሟ ነገር አያስቀርም። ውሃ አጋርም ክሎሪን ነው፤ ጥንካሬውን አይነካም።

ወደ ማሽኑ ስንመጣ፦ የውሃው ጥንካሬ ለምሳሌ በሊትር 350 ሚሊ ግራም ቢሆን፣ 10 ሊትር ሬዚን (ማሽኑ ውስጥ ያለው፣ ካልሲየሙን ይዞ ሶዲየም የሚለቅ ጥቃቅን እንክብል) በአንድ ዙር ወደ 500 ግራም ይይዛል፤ ማለትም ወደ 1,400 ሊትር ውሃ ያለሰልሳል። ከዚያ በ1.5 ኪሎ ጨው መታደስ አለበት፤ ለዚህም ከ60 እስከ 100 ሊትር ውሃ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። በፈረቃ ለሚኖር ይህ ቀላል አይደለም። የእርስዎ ሮቶ ከ3 ሜትር የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ገደማ ነው፤ አብዛኞቹ አውቶማቲክ ማሽኖች ከ1.5 ባር በታች አይታደሱም። ፓምፕ ካልጨመሩ ገንዘብዎን አያባክኑ። ቧንቧ ላይ የሚታሰረውን ማግኔት ደግሞ ከነጭራሹ ይርሱት።

ማሽን ቢገባም የኩሽናው ቧንቧ ከማሽኑ በፊት ይቀጠል። 350 ሚሊ ግራም ጥንካሬ ሲለሰልስ በሊትር 160 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ይተካዋል፤ ደም ግፊት ላለበት ሰው አይመከርም።

ስለ ኩላሊት፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ በጤና ላይ የተመሠረተ ገደብ አላወጣም። በድሬ ሙቀት ለጠጠር የበለጠ የሚያጋልጠው ትንሽ መጠጣት ነው። ድሮ ጠጠር የነበረበት ግን ሐኪሙን ይጠይቅ።

የቤት እመቤት
ለኩሽና ማሽን አያስፈልግም። አፍልታችሁ አቀዝቅዙና ከላይ ቅዱት፤ አብዛኛው ካልሲየም ታች ይቀራል። ሽምብራና ባቄላም በዚሁ በተቀዳው ውሃ ዘፍዝፉ፤ ካልሲየም ልጣጩን ስለሚያጠነክረው ነው ንፍሮው አልበስል የሚለው። ቸኩላችሁ ከሆነ ለ1 ኪሎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል፤ ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሻይ ላይ የሚንሳፈፈው ቅባት መሳይም ከዚሁ ነው፤ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ይጠፋል። ልብስ በደረቅ ሳሙና ሳይሆን በዱቄት እጠቡ፤ ደረቁ ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ነጩን ያገረጣዋል። መጨረሻ ለቅለቃ ላይ በ10 ሊትር ግማሽ ኩባያ አቼቶ፤ በረኪና በነካው ልብስ ግን በፍጹም፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ጠያቂው ከሰብያን
እግዜር ይስጥልኝ። አሲዱን ክዳኑን ሳልፈታ በሴፍቲ ቫልቩ በኩል ባስገባውስ?

ቧንቧ ሠራተኛ
አይሆንም። ታች የወደቀው ቅርፊት እዚያው ይቀራል፣ የማግኒዚየም ዘንጉን ይበላዋል፣ የሚፈጠረው ጋዝም መውጫ ያጣል። የባትሪ አሲድ የሚመክርህ ካለ ደግሞ አትስማው። ስትፈታ ከስር ሰፊ ሳፋ አድርግ፤ ወለሉ እብነ በረድ ከሆነ የሲትሪኩ ጠብታ ራሱ ነጭ ጠባሳ ይተዋል።