ባለ 8 ጊጋባይት ላፕቶፕ ላይ የቋንቋ ሞዴል ያለ ኢንተርኔት ማሠራት ይቻላል?

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦
የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የመለማመጃ ጥያቄ በማዘጋጀትና የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ በአማርኛ በማብራራት የሚያግዘኝ፣ ኔትወርክ ሲጠፋም የማይቋረጥ የቋንቋ ሞዴል በላፕቶፔ ላይ መጫን እፈልጋለሁ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ የተጫነበት፣ 8 ጊጋባይት ራም ያለውና የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ነው። ደብረ ብርሃን ያለ ወዳጄ ላማ 3.1 የተባለውን ሞዴል፣ ባለ 8 ቢሊዮን ፓራሜትሩን (ሞዴሉ የተሠራባቸው ቁጥሮች)፣ አውርዶልኝ ነበር፤ ሆኖም 4.9 ጊጋባይት የሆነውን ፋይል ባዶ ወደሆነ ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ስንገለብጥ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይለናል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ቢገለበጥስ ላፕቶፔ ይችለዋል?

መልስ (ከደብረ ብርሃን)፦
ፍላሹ የፋት32 ፎርማት ስለሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ በኤክስፋት ፎርማት ቢያደርጉት ይስተካከላል።

ላፕቶፑ ግን የሚችለው አይመስለኝም። ሞዴሉ በደንብ እንዲሠራ ሙሉ በሙሉ ራም ውስጥ መቀመጥ አለበት። ባለ 8 ቢሊዮኑ ሳይጨመቅ 16 ጊጋባይት ያህል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቁጥር ወደ 4 ቢት ገደማ ተጨምቆ ነው 4.9 የደረሰው፤ በዚህ ላይ ዊንዶውስ የሚይዘውና ውይይቱ ራሱ የሚፈልገው ቦታ ሲታከል ራሙ ይሞላና ኮምፒውተሩ ከዲስክ እየተመላለሰ ማንበብ ስለሚጀምር፣ መልሱ እጅግ ይዘገያል። ጎግል በ2025 ያወጣውን ባለ 4 ቢሊዮኑን ጄማ 3 ይምረጡ። በ4 ቢት ተጨምቆ ከ4 ጊጋባይት በታች ስለሆነ አሁን ባለው ፍላሽም ይገለበጣል፤ የጂጂዩኤፍ ፋይሉን (የተጨመቀ ሞዴል የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) ላማ ሲፒፒ ወይም ኤልኤም ስቱዲዮ በሚባል ፕሮግራም መክፈት ይችላሉ። ፕሮግራሙንም ወዳጅዎ አብሮ ያውርድልዎት።

መልስ (ከመሐል ሜዳ)፦
በእንዲህ ያለ ላፕቶፕ ፍጥነትን በአብዛኛው የሚወስነው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ራሙ ነው፤ ምክንያቱም ሞዴሉ እያንዳንዷን ቶክን (ቃል ወይም የቃል ቁራጭ) ለመጻፍ መላ ፋይሉን ከራም ያነብባል። አንድ ባለ 3200 ዲዲአር4 ራም በሰከንድ ቢበዛ 25.6 ጊጋባይት ስለሚያቀብል፣ 2.5 ጊጋባይት የሆነ ሞዴል በሰከንድ ከ10 ቶክን አያልፍም። ሁለተኛ መሰኪያ ካለ ተመሳሳይ ራም ቢጨምሩበት ይህ ጣሪያ እጥፍ ይሆናል፤ ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ በዚህ ላይ ያውጡ።

ስለ አማርኛው አስቀድሜ ላስጠንቅቅዎ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል፣ ሞዴሎቹም ባብዛኛው የሠለጠኑት በሌሎች ቋንቋዎች ስለሆነ፣ አንዱ የአማርኛ ቃል ወደ ብዙ ቶክን ይሰነጠቃል፤ መልሱም ከእንግሊዝኛው ይልቅ ዘግይቶ ይመጣል። ጥያቄዎቹን በእንግሊዝኛ ያሠሩት፤ የአማርኛውን ማብራሪያ ግን በአጭር በአጭሩ እየጠየቁ፣ ለተማሪ ከመስጠትዎ በፊት ቃል በቃል ያርሙት።

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)፦
በእኛ ቆላ ላፕቶፕ ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ስለሚቀንስ፣ ረጅም ሥራ በማለዳ፣ ቻርጀር ላይ ሰክተው ይሥሩ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ላፕቶፑን ሳልፈታ ሁለተኛ መሰኪያ መኖሩን በምን አውቃለሁ?

መልስ (ከመሐል ሜዳ)፦
ታስክ ማኔጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ የሚለውን ይጫኑ፤ የራሙን ፍጥነትና ከመሰኪያዎቹ ስንቱ እንደተያዘ ያሳይዎታል።