በጀርመን እየተከፈለ የሚሠለጠንበት የወጥ ቤት ሙያ እንዴት ይገኛል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በምግብ ዝግጅት ደረጃ 3 ተመርቄ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ጀርመን አገር አውስቢልዱንግ (እየተከፈለ የሚሠለጠንበት የሙያ ሥልጠና) ለመግባት ስሞክር አንድ አገናኝ ውሉን ለማስጨረስ ብዙ ገንዘብ ጠየቀኝ፤ አባቴም በሬዎቹን ሊሸጥልኝ ተነሥቷል። ትክክለኛውን መንገድ የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ምላሽ፣ በባቫሪያ የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ፦
ወንድሜ፣ በሬዎቹ አይሸጡ። የጀርመን የሙያ ሥልጠና ሕግ ሠልጣኙ ለሚሠለጥንበት ገንዘብ እንዲከፍል የሚያስገድድን ስምምነት ውድቅ ያደርገዋል፤ ለሥልጠናው የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎችና መጻሕፍት እንኳ በነጻ የማቅረብ ግዴታ ያለበት አሠሪው ነው። ሥልጠናው 3 ዓመት ይፈጃል፤ አብዛኛው ጊዜ በሆቴሉ ወጥ ቤት፣ ቀሪው በሙያ ትምህርት ቤት ያልፍና በመጨረሻ የኢንዱስትሪና ንግድ ምክር ቤቱ ይፈትናል። በ2025 እ.ኤ.አ. ለጀመረ ሠልጣኝ የተወሰነው ዝቅተኛ የወር ክፍያ በመጀመሪያው ዓመት 682፣ በሁለተኛው 805፣ በሦስተኛው 921 ዩሮ ነው፤ ታክስና መድን የሚቀነሰውም ከዚሁ ላይ ነው። እንደ ሙኒክ ባለ ከተማ ይህ ገንዘብ ለቤት ኪራይ ስለማይበቃ፣ እኔ ማደሪያ የሚሰጥ የተራራ አካባቢ ሆቴል መርጬ ነው የገባሁት። ክፍት ቦታዎች በፌዴራል የሥራ ስምሪት ድርጅት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛሉ፤ ሥልጠናው በአብዛኛው በነሐሴና በመስከረም ስለሚጀመር ከአንድ ዓመት በፊት መጻፍ ይሻላል።

ምላሽ፣ የጀርመንኛ መምህርት፦
ዋናው እንቅፋት ቋንቋው ነው። ለቪዛው በመደበኛነት የሚጠየቀው ቢ1 የሚባለው መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ሲሆን፣ በአዲስ አበባው የጀርመን የቋንቋና የባህል ማዕከል በጎተ ተቋም መማርም መፈተንም ይቻላል። ፈተናውን ብቻ አያስቡ፤ የንጽሕና ደንቡም የምግብ ዋጋ ስሌቱም የሚሰጠው በጀርመንኛ ነው። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሼፉ የሚያዝዘውን መስማት ደግሞ ከመጽሐፉ ይከብዳል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አገናኙ ውል አለኝ ብሎ ልኮልኛል፤ እውነተኛ መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

ምላሽ፣ የባቫሪያው ሠልጣኝ፦
ሆቴሉን ራስህ ፈልገህ፣ አገናኙ በሰጠህ ሳይሆን በሆቴሉ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ባለው አድራሻ ጻፍለት። ውሉ በአካባቢው የኢንዱስትሪና ንግድ ምክር ቤት መመዝገብ ስላለበት የትኛው ምክር ቤት እንደመዘገበው ጠይቅ። ብዙ ሆቴሎች ሠልጣኙን በቪዲዮ ሳያነጋግሩ አይቀበሉም፤ አንተን ያነጋገረህ ሰው ከሌለ ውሉን አትመነው።